በትንኝ ሆድ የተደገሰ ሰርግ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ረግረጉ ገና ሳይደርቅ፣ ሸምበቆ በከበበው ቆላ የሚኖሩ አራዊት በንዳድ ታመሙ። ንዳድ ያው ወባ ነው፤ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል፣ ከዚያ የሌለ ነገር ያሳያል። በዚያ ሰሞን ጭጋጉ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ማን እንደነቃና ማን ገና በሕልሙ እንደሚሄድ መለየት ያስቸግር ነበር።

አገሩ አንድ ልማድ ነበረው። የታመመ ሁሉ ጠዋት ዋርካው ሥር ይቀርባል፤ አያ ጅቦ ትንፋሹን ያሸታል። ንዳድ ከሸተተው ለታማሚው መራራ ቅርፊት ይሰጠዋል፤ ካልሸተተው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቅርፊቱ የሚላጥበት ዛፍ እንዳያልቅ ሲባል፣ ጅብ ሳያሸተው ቅርፊት የሚቀምስ አልነበረም። ቀይ ሥር የሚባል ሌላ መድኃኒትም ነበራቸው፤ እሱ ግን ቅርፊቱ ላቃተው ቀን ተብሎ ሳይነካ ይቀመጣል። ልማዱ ለአባቶቻቸው ሠርቷልና ዛሬም ይሠራ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጅቡም ሥራው ሲያልቅ አጥንት ስለሚጣልለት፣ አፍንጫው ታማሚው ላይ ቢሆንም ልቡ አጥንቱ ዘንድ ነበር።

ያን ጠዋት አህያ ውርንጭላዋን በጎኗ እየደገፈች ቀረበች። የውርንጭላው ጉልበት ይብረከረካል፤ ዓይኑም የትም አያይም። ጅቡ አንዴ አሸተተና «ንጹሕ ነው፤ ቀጣይ» አለ።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ግንባሩን ንካልኝ፤ እሳት ሆኗል እኮ።»

«የኔ ሥራ መንካት አይደለም፣ እመት አህያ። ካልሸተተኝ የለም።»

«ትናንት የሚዳቋን ግልገል እንዲሁ ብለህ መልሰሃት ነበር።»

«እሷማ ሞተች» አለ ጅቡ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ግን ንጹሕ ሆና ነው የሞተችው።»

አህያ መከራከር አታውቅም። ልጇን ይዛ ከዋርካው ጥላ ወጣች፤ እንባዋም ሳትጠርገው ወረደ። ይህን አይቶ ሆዱ የማይባባ ካለ እኔ አላውቀውም።

ቀበሮ ከሩቅ ታያት ነበር። ቀበሮ ተንኮለኛ ናት፣ አልክድም፤ ያን ቀን ግን ተንኮሏን በደግ ቦታ ልታውለው አሰበች። ዘዴ ስታወጣ ስታወርድ ሸምበቆው ውስጥ ጋደም አለች። ሙቀቱ ከበዳት። አንዲት ትንኝ ጆሮዋ ሥር ስታዜም ቆየችና ነከሰቻት፤ ዜማውም ሳይቋረጥ ቀበሮን ወደ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ ከአቧራ ያነሰች ሆነች። የትንኟ ሆድ ደግሞ ቀላ ያለ ብርሃን የሞላበት ሰፊ ዳስ ሆነ፤ በዳሱ ውስጥ ሰርግ ነበር። እንግዶቹ ከየታማሚው ደም ጋር ተጠጥተው የመጡ የንዳድ ዘሮች ናቸው። ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብላ ስታይ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። እንደ ጭስ ዝግ ብለው ይዞራሉ፣ ይዘፍናሉ።

ቀበሮ ከአንድ ሽማግሌ ንዳድ አጠገብ ተቀመጠች። «አባቴ፣ ጅቡ ሁላችሁንም ለይቶ ያውቃል አሉ» አለችው፣ ሆን ብላ።

ሽማግሌው ሳቀ። «እሱ የሚያውቀው የሚሸቱትን ዘመዶቻችንን ነው። አብዛኞቹ በቅርፊቱ አለቁ። እኛ ሽታ የሌለን ድሮ ጥቂት ነበርን፤ እነሱ ሲያልቁ ቤቱ ለኛ ሰፋ።»

«ቅርፊቱን አትፈሩትም እንዴ?»

«እንፈራዋለን፤ ግን ማን ይሰጠናል? ያቺን ሙሽራ አየሻት? የእሷ ወገን ይሸታል፣ ቅርፊቱን ግን ለምዶታል። ወንዱ ሙሽራ የኛ ልጅ ነው። ከሁለቱም የወረሰ ሲወለድ አይሸትም፣ ቅርፊትም አይገድለውም።»

«እንዲህ ያለ ወገን ከእንግዲህ ምን ይፈራል» አለች ቀበሮ፣ በአድናቆት ራሷን እየነቀነቀች።

ሽማግሌው ሙገሳው ጣፈጠው። «ቀዩን ሥር ነዋ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከቅርፊቱ ጋር አንድ ላይ ከመጣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኘዋል። ሁለቱንም የሚችል ከመካከላችን ገና አልተወለደም።»

«ይወለድ ይሆን?»

«ለዚህ አይደል የምንዳረው፣ ልጄ» አላት በእርጋታ። ከበሮው ዝግ ብሎ ይመታል። ቀበሮ የከበሮው ድምፅ የገዛ ልቧ መሆኑን ስታውቅ ነቃች።

በቀጥታ ወደ አንበሳ ሮጣ ያየችውን ነገረችው። ጅቡ ሰምቶ «አገር በሕልም ሊተዳደር ነው?» ብሎ አሽሟጠጠ።

አንበሳም ቅር አለው። «ቀዩ ሥር የሚነካው ቅርፊቱ ሲያቅተው ነው። ደንባችን ይህ ነው።»

«ቅርፊቱ እስኪያቅተው ከጠበቅን ሥሩ ብቻውን ይቀራል፣ ጌታዬ። ብቻውን የቀረውን ደግሞ ንዳዶቹ ይለምዱታል። ሕልሜን አትመነኝ፤ ውርንጭላውን ብቻ ንካው።»

አንበሳ ወርዶ መዳፉን የውርንጭላው ግንባር ላይ አሳረፈ። ጅቡ «ንጹሕ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንበሳ በዓይኑ ዝም አሰኘው። «አቃጠለኝ» አለ። «ሁለቱንም አምጡ።»

ቅርፊቱንና ሥሩን አንድ ላይ ቀቅለው አጠጡት። ቀኑን ሙሉ ሲቃዥ ዋለ፤ ሲመሽ ላብ አጠመቀው። ጎህ ሲቀድ በጭጋጉ መሐል የእናቱን ጡት ሲፈልግ፣ አህያ ሕልም እንዳይሆንባት ፈርታ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

በኋላ ቀበሮን «በቃ፣ አለፈ?» አለቻት።

«ልጅሽ ድኗል። እነሱ ግን በየሰርጋቸው አዲስ መልክ ይወልዳሉ። ነገ በየትኛው እንደሚመጡ አላውቅም።»

አህያ ልጇን አየችው። ከዚያ ቤቷ መግባቷን ትታ ዋርካው ሥር ከጅቡ ጎን ቆመች። ጅቡ አንድ የከርከሮ ግልገል አሽትቶ «ንጹሕ ነው» ሲል፣ አህያ ጎንበስ አለችና ግንባሩን በከንፈሯ ነካችው።

«ይሄ ይቃጠላል» አለች። «ከሁለቱም ስጡት።»

ከዚህ የምንማረው ብዙ መልክ ያለውን ጠላት በአንድ ምልክት ብቻ የሚለይና በአንድ መድኃኒት ብቻ የሚመታ፣ ሳያውቀው ያልመታውን እያራባ እንደሚኖር ነው።