የጋሽ ይማም ጥቁር ጺም

ባቲ ላይ ሰው ከልኩ በላይ ሲኳኳል ያዩ እንደሆነ ሽማግሌዎች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አንድ አባባል ጣል ያደርጋሉ። ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መነሻው የግመል ነጋዴው ጋሽ ይማም ናቸው።

ጋሽ ይማም ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቸኝነቱ አንገበገባቸው። እህል ነጋዴዋን ዘምዘምን ለማግባት ሽማግሌ ላኩ። ዘምዘምም ባሏ የሞተባት፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ነበረች። «እኔ ልጃገረድ አይደለሁም። እሳቸው ራሳቸው ይምጡና ይዩኝ፣ እኔም ልያቸው» አለች። ይህን ሲሰሙ ጋሽ ይማምን ደስታው እንቅልፍ ነሳቸው።

እንግዲህ ባገሩ ልማድ ሽማግሌ ሽበቱን በሂና ያቀላል፤ የእሳቸውም ጺም እንደ በርበሬ የቀላ ነበር። ዘምዘም ዘንድ ለሚሄዱበት ቀን ግን ጥቁር አማራቸው። ፀጉር አስተካካዩ አራጋው ዘንድ ሄዱና ሂናው ውስጥ ጥቁር የፀጉር ቀለም ደባልቆ ጺማቸውንም ቅንድባቸውንም እንዲቀባቸው አዘዙ።

አራጋው እጁን ሰበሰበ። «ጋሽ ይማም፣ ይሄ ጥቁሩ ለሁሉም ቆዳ አይስማማም። ከጆሮዎ ጀርባ ትንሽ ልቀባና ከነገ ወዲያ እንየው።»

«ለልጄ ሠርግ ተቀብቼው የለም እንዴ? ትንሽ አሳከከኝና ተወኝ።»

«ያኔ ካሳከከዎትማ ቆዳዎ ጠልቶታል። አሁን ይብሳል።»

«አብሽር፣ የአፋር በረሃ ያልበገረውን ፊት ቀለም አይበግረውም። ይልቅ ቶሎ በል።»

አራጋው ምን ያድርግ፣ ቀባ። ሲጨርስ መስታወቱ ውስጥ ጎረምሳ የሚመስል ሰው ብቅ አለ፤ ጋሽ ይማም ራሳቸውን አይተው አልጠግብ አሉ።

በማግስቱ ፊታቸውን ያሳክካቸው ጀመር። ቀጥሎ ጉንጫቸው ውሃ ቋጠረ። የቀጠሮው ዕለት ደግሞ ዓይናቸው አብጦ ተከደነ። ሽምግልናውን የያዙት ሸህ እንድሪስ ቀኑን እንለውጥ ቢሏቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ከቀረሁ ሌላ ይቀድመኛል» ብለው እጃቸውን ተይዘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄዱ።

ዘምዘም የክት ልብሷን ለብሳ ወጣች። እንግዶቹን አንድ በአንድ አየችና ግራ ገባት። «ጋሽ ይማምስ? ቀሩ እንዴ?»

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ ጋሽ ይማም፣ ፊታቸውን ወደ ድምጿ እያዞሩ።

ቀረብ ብላ አየቻቸው። አንጀቷን በሏት፤ ግን ደግሞ ተናደደች። «እኔ ኑ ያልኩት ገበያ ላይ የማውቃቸውን ባለ ቀይ ጺም ሰው ነበር። ዛሬ ዕድሜውን የደበቀኝ ሰው ነገ ሌላ ነገር ይደብቀኛል። አላህ ያሽርዎት ጋሽ ይማም፣ እኔን ግን ይተዉኝ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ጋሽ ይማም ቃሏን ሰሙ እንጂ መልኳን ሳያዩ ቀሩ። እየተመሩ ሲመለሱ፣ «ለመሆኑ አምሮባት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሸህ እንድሪስ መዋሸት አልሆነላቸውም። «በጣም አምሮባት ነበር» አሉና የጋሽ ይማምን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ምን ይደረጋል፣ ይማም፤ ቅንድብ ላሳምር ሲሉ ዓይን ያጠፋሉ።»