ሐጂ ሳማኤ የደፉት የቡዱ ጋን

ምላስን ቀማሽም ተናጋሪም አድርጎ ለፈጠረው ጌታ ምስጋና ይግባውና፣ በታይላንድ ደቡብ ጠረፍ፣ ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ በኖሩባት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ሐጂ ሳማኤ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ እርሳቸው ያወጋኝ በሐጅ ጊዜ መካ አጠገብ፣ ሚና በሚባለው ሜዳ ላይ ድንኳን የተጋራሁት የዚያው አገር ሰው ነው። የአገሩን ምግብ ያነሳልኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያች ከተማ፣ አለኝ፣ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ባሕሩ ብትወርድ የቀርከሃ ርብራብ ላይ የተሰጣ ዓሣ ታያለህ። ከዘንባባው የሚቀዳው ጣፋጭ ውሃ በሰፊ ብረት ድስት ተንተክትኮ ቡናማ ስኳር ይሆናል። ሴቶቹ ሩዙን ከኮኮናት፣ ከጥሬ ማንጎና ከጠጅ ሳር ጋር ያዋሕዱታል፤ ቡዱ ካልፈሰሰበት ግን ማንም እጁን አይሰድም። ቡዱ ማለት ትንንሽ ዓሣ በጨው ተደርጎ፣ ጋን ውስጥ ዓመት ሙሉ ፀሐይ እየመታው የሚብላላ መረቅ ነው። ሽታው፣ እውነቱን ልናገር፣ ላልለመደው ያስሮጣል። የከተማዋ ሰዎች ግን ያለ እርሱ ምሳ በልተናል አይሉም።

የሐጂ ሳማኤ ቡዱ ደግሞ ሌላ ነበር። በቤታቸው ከቅድመ አያት የወረደ፣ አንድም ጊዜ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ጋን አለ፤ «እናት ጋን» ይሉታል። አዲስ ሲጠነስሱ ከእርሱ አንድ ጭልፋ ይጨምሩበታል፤ የቤቱ ጣዕም የሚተላለፈው በዚያ ነው። ሐጂ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራውን ለልጃቸው ለሮሃኒ እያስረከቡ ነበር። ሮሃኒ ባሏ የሞተባት፣ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ናት።

ጋኑ ቀን ተከፍቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ይከደናል። አንድ ቀን ሮሃኒ እንግዳ መጥቶባት ክዳኑን ረሳች። በማግስቱ ትዝ ሲላት ውስጡን ሳታይ ከደነችው። ከዚያው እየጨለፈችም አዳዲሶቹን ጋኖች ጠነሰሰች፣ ለደንበኛም ሸጠች። ሰነባብቶ፣ መውሊድ ሲቃረብ፣ ሐጂ ራሳቸው ለድግሱ ሊቀዱ ገቡ። ከጭልፋው ጋር የሞተ አይጥ ወጣ።

ሮሃኒ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባ፣ ጨው እኮ ነው፤ ጨው ሁሉን ያጠፋል። ደግሞም ከመበላቱ በፊት ይፈላል» አለች።

«ፈሳሽ ነው ልጄ። ሲነጀስ ሁሉም ነው የሚረክሰው።»

ጋኑን አቅፈው ደፉት። ከእርሱ የተጠነሰሱትንም አንድ በአንድ ደፉ። ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ጣዕም አሸዋው ጠጥቶት ቀረ፤ ሐጂ ቆመው አለቀሱ።

«እሺ፣ ይደፋ» አለች ሮሃኒ። «ለሰው ግን ጋኑ ተሰበረ እንበል። አይጥ ከተገኘበት ቤት ማን ይገዛል? እርስዎ ሲያልፉ እኔ በምን ልኖር ነው?»

እውነቷን ነበር። ነገር ግን ያ ቡዱ በየሰዉ ጓዳ ተቀምጧል፤ ጋኑ ተሰበረ ብሎ የሰማ ሰው የያዘውን ይበላል እንጂ አይደፋም። አባት በልጁ እንጀራና በጎረቤቱ ሐላል መካከል ሲቆም እንዴት እንደሚጨነቅ አላህ ነው የሚያውቀው።

በመውሊዱ ቀን በመስጂዱ ግቢ ሩዙ በየሳህኑ ቀረበ። ሐጂ ሰው ሁሉ ከመብላቱ በፊት ተነሡ።

«ጀማዓ፣ ሰሞኑን ከእኔ ቤት ቡዱ የወሰደ ይድፋው፤ ዕቃውንም ይጠበው። እናት ጋኑ ውስጥ አይጥ ሞቶ አግኝተናል።»

«ክዳኑን ማን ነው ክፍት የተወው?» አለ አንዱ ተቆጥቶ። በሴቶቹ በኩል ሮሃኒ አንገቷን ደፋች።

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ።

ያኔ እማ ሳፊያ የሚባሉ አሮጊት፣ «ሐጂ፣ ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሩዝ የሚያስበላኝ እሱ ብቻ ነበር» አሉ። «ምነው ዝም ቢሉን? ሳናውቅ ብንበላ አላህ ይምረን ነበር።»

«እናንተንማ ይምራችኋል፣ እማ ሳፊያ» አሉ ሐጂ። «እኔ ግን አውቄያለሁ።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህችን ንግግር ገበያችን ይዘናት እንውጣ። በርበሬውን ከሸክላ አፈር፣ ቅቤውን ከሙዝ ስናደባልቅ፣ «ገዢው የት ያውቃል?» ብለን እንጽናናለን። የገዢው አለማወቅ ለገዢው ነው ምሕረቱ፤ ለእኛ አይሆነንም። ሐጂ ለልጃቸው ሳይሳሱ ቀርተው አይደለም፤ የሚያውቁትን ይዘው ጌታቸው ፊት መቆም ስለከበዳቸው ነው።

ሮሃኒ ከባዶ ጀምራ አዲስ ጋን ጠነሰሰች። «ጥሩ ነው» አለኝ የድንኳን ጓደኛዬ፤ «ግን ያ አይደለም። ያንን የቀመስነው ሰዎች ደግሞ እያለቅን ነው።»

«ታዲያ አሁንም ከእርሷ ነው የምትገዙት?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ።

«ታዲያ ከማን ልንገዛ?»