ሽታ ያልወጣው ድስት

አንዲት ወጥ ሠሪ ነበረች። ጥያቄህን አልዘነጋሁትም ልጄ፤ አትቁነጥነጥና ስማኝ።

አንድ ገበሬ የማኅበር ተራ ደረሰውና ያረጀ የእርሻ በሬውን አረደ። እንዲህ ያለውን ሥጋ ቀኑን ሙሉ ቢያላምጡት አይዋጥም። ስለዚህ ሴትዮዋን አስጠራት። እሷም ገና ጎህ ሲቀድ ሽንኩርቱን ያለ ውሃ አቁላላች፣ በርበሬውን ጨመረች፣ ሥጋውን ከነአጥንቱ ከተተች፣ ውሃ ጥቂት ጠብ አደረገችበት። ከዚያ ነበልባሉን አጥፍታ ድስቱን ረመጥ ላይ አስቀመጠች፤ የክዳኑንም ዙሪያ በሊጥ ለሰነችው። «እንግዶቹ ሳይቀመጡ ይህን ድስት የሚከፍት የለም» አለች። በሥራዋ መለማመጥ አታውቅም ነበር።

ረፋዱ አለፈ፤ እኩለ ቀን ሆነ። ከድስቱ ሽታ የሚባል አልወጣም። በዚያ መንደር ደግሞ ድግስ የሚታወቀው በወጡ ሽታ ነው። ጎረቤቱ ማጉረምረም ጀመረ፤ «እዚያ ቤት ጭስ እንጂ ወጥ የለም» ተባለ። አማቹ እንኳ «ድግሱ ዛሬ ነው ወይስ ተሳስተናል?» ብለው ላኩበት። ገበሬው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ቢላዋ ይዞ ማድቤት ገባ።

«ክፈቺው! ሽታው ለመንደሩ ይድረስ። አዋረድሽኝ እኮ!»

«ጌታዬ፣ ሽታው ለመንደሩ ከወጣ ለእንግዶችዎ ምን ላቅርብ? የሚያበስለው እንፋሎቱ ነው።»

«ክፈቺው አልኩሽ!»

እሷስ አልፈራችም? ፈርታለች እንጂ። ውስጡን እሷም አላየችውም፤ ሥጋው እምቢ ቢል ስሟ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራታል? ሆኖም ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋም ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ይታጠቁትና እርስዎ ይጨርሱት። እኔ ያልበሰለ አላቀርብም።»

ሰውየው ሽርጡን አየ፣ ድስቱን አየ። ቢላዋውን አስቀምጦ ወጣ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ድስቱ ፊታቸው ቀርቦ ሊጡ ተሰበረ። ወይ ጉድ! ሽታው ቤቱን አልፎ ሲያማ የዋለውን ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ሰበሰበው። አጥንቱ ገና ጭልፋ ሲነካው ከሥጋው ተላቀቀ። ጥርስ የሌላቸው የማኅበሩ አዛውንት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ገበሬውም በሰው ሁሉ ፊት ተነስቶ «እጅሽ ይባረክ» አላት። ሴትዮዋ አልተሽኮረመመችም። ቀጥ ብላ ቆማ «አሜን፤ ይገባዋል» አለች። እንዴት ደስ ትለኛለች!

ልጄ፣ «የአገሬ ሰዎች ‹ይህን ያህል ዓመት ምን ተማርክ?› እያሉ ይስቁብኛል፤ ሄጄ እስካሁን የተማርኩትን ላሰማቸው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እነዚያ ጎረቤቶች የአገርህ ሰዎች ናቸው። ድስቱ አንተ ነህ፤ ውስጥህ የገባውን ደግሞ በእጄ የጨመርኩት እኔ፣ መምህርህ፣ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፣ እኮራበታለሁም። ልሂድ ካልህ ቢላዋው በእጅህ ነው። የበሰልህ ዕለት ግን ሳትጠራቸው በርህ ላይ ይሰበሰባሉ።

ገና ነህ፤ ተቀመጥ።