የምርጡ ሠራተኛ ምስክር

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን የዓመቱን ምርጥ ሠራተኛ የሚመርጠውን ኮሚቴ ራሳቸው መርተው ራሳቸውን መረጡ። ዋንጫውን አቅፈው መድረክ ላይ ሲቆሙ፣ ዕድሜውን በበረት የጨረሰ አንድ ከብት ጠባቂ ከኋላ ወንበር ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ዲኑ አዩት። «አንተ! እስቲ ና ውጣና ለእንግዶቹ ተናገር፤ ይህ ሽልማት ይገባኛል ወይስ አይገባኝም?»

«አይገባም» ቢል ከእንጀራው መፈናቀሉ ነው፤ «ይገባል» ቢል ደግሞ ነገ በረት ገብቶ ከብቶቹን በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ኮፍያውን አውልቆ እያነከሰ ወጣ።

«ኧረ ሲያንስዎት ነው ጌታዬ! ያቺ የማስተማሪያ በቅሎ ሊያክማት የተጠጋትን ሁሉ ትረግጣለች። መምህራኑን ረግጣለች፣ ተማሪዎቹን ረግጣለች፣ እኔንም ይኸው አንካሳ አድርጋኛለች። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ያልረገጠችው ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት።»