ሳይሞት የተቀበረው ዝቃጭ

አንድ ቆዳ የሚያለፋ ሀብታም ነበረ።

ይታገሡኝ እትዬ የሻረግ፤ የጠየቁኝን አልረሳሁም። «የፋብሪካው ሰዎች ከምንጩ በላይ የከመሩትን ዝቃጭ አፈር አልብሰን ሣር እንትከልበት፣ የእድሩም ሰው አካፋ ይዞ ያግዘን ይላሉ፤ እሺ ልበል ወይስ እምቢ?» ነው ያሉኝ። የእድር ዳኛ እንደ እኔ ያለ ፊደል ያልቆጠረ ቀላማጅ ካማከረች ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። እንግዲህ ይስሙ።

ሀብታሙ ቆዳ የሚዘፈዝፍባቸው ገንዳዎች ነበሩት። ከገንዳዎቹ ሥር የሚቀረውን አረንጓዴ ጭቃ ከመንደሩ በላይ ወዳለ ቦረቦር ይደፋዋል። ሽታው እንዴት ያለ መሰለዎ? ጥንብ አንሳ እንኳ በዚያ ሲያልፍ በአንድ ክንፉ አፍንጫውን ይዞ በሌላው ይበር ነበር።

«አንተ፣ በአንድ ክንፍ ይበረራል?»

ሽታው ከኋላ ይገፋው ነበራ።

የመንደሩ ሰዎች ሄደው አቤት አሉት። «የሸተተ ነገር ምን ይደረጋል?» አላቸው። «ይቀበራላ» አሉት። «እንግዲያው ቅበሩልኝ» ብሎ ሰንጋ ጣለ። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ጉድጓድ ተማሰ። ዝቃጩን እንደ ሰው ቀበሩት፤ ድንጋይ ከመሩበት፤ ጽድ ተከሉበት። ሥጋ የበሉት አልቃሾችማ «ወይኔ ገንዳው፣ ባዶህን ቀረህ» እያሉ ደረት መቱለት። ሀብታሙ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ «እግዜር ያጥናህ» ተባለ። ተሳቀ፣ ተበላ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

ክረምት መጣ። መቃብር ዝናብ ሲመታው ይሰምጣል፤ ስንቱን ቀብረው ያውቁታል። ይኼኛው ግን እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጤዛ ሜዳውን ሁሉ ሲያለብስ እሱን ይዘለዋል። ጽዱ ሳይደርቅም ሳያድግም እንዲያው ቆመ፤ ወፍ አያርፍበትም። ከሥሩ ባለው ምንጭ ይጮሁ የነበሩት እንቁራሪቶችም ዝም አሉ። መቼ ዝም እንዳሉ ያስተዋለ የለም።

ከዚያ ከምንጩ የምትጠጣ አንዲት ላም ወለደች። ጥጃው ላይ አንዲት ጠጉር የለችም። ቢዳስሱት ቆዳው ለስልሶ፣ ለፍቶ ያለቀለት፣ ጫማ ሰፊ ብቻ የቀረው ነው። ቆሞ ያያቸዋል፤ አይጮህም። «ሀብታሙ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው፤ ከማሕፀን እያለፋ ያስወልድ ጀመር» ብሎ አንዱ ቀለደ። የሳቀለት የለም።

አንድ ገበሬ ጉብታው ላይ ተኝቶ ጆሮውን ለጠፈ። ከውስጥ ቸብ፣ ቸብ ይላል፤ ገንዳ ውስጥ ቆዳ ሲገላበጥ እንደሚለው ያለ። ሥራው ያለ ሠራተኛ ከመሬት በታች ቀጥሏል።

«እናውጣው» ቢባል ማን ይንካው? ድንኳን ተተክሎለታል፤ ተለቅሶለታል። መቃብር የከፈተ ደግሞ እጁ የተረገመ ነው። በገዛ ሥርዓታቸው ታሰሩ። ሲጨንቃቸው አፈር ይጨምሩበታል፤ በጨመሩበት ቁጥር ከፍ ይላል።

ሀብታሙም የሚታጠበው ከዚያው ምንጭ ነበር። አንድ ማለዳ አዲስ የተወለደች ልጁን ጉንጯን ዳሰሳት። ምንም አልተሰማውም። እጁን ገልብጦ አየው። መዳፉ ላይ መሥመር የለም፤ ወዝ ያለው፣ የለፋ ቆዳ ነው። ልጂቱን ቀስ ብሎ አስተኛትና ወጣ። ጥሩምባ ነፊውን ጠርቶ እንዲህ ብለህ ለፍፍ አለው፦ «ሳይሞት የቀበርነው አለ። ዶማ ያለው ይድረስ።»

በቁሙ የተቀበረ አለ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀመጣል? እርግማኑንም የጠየቀ አልነበረም። እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆፈሩ። ጭቃው እንደ ተቀበረበት ቀን አረንጓዴ ነው፤ ትል እንኳ አልቀመሰውም። ከምንጭ ርቆ፣ ውሃ በማያሳልፍ ጉድጓድ፣ ጣሪያ ሠርተው አኖሩት፤ የነካውንም አፈር ጠርገው አብረው አስገቡት። የቀበሩት በግማሽ ቀን ነው። አውጥተው ሲጨርሱ ያቺ ሕፃን አድጋ ልትዳር ነበር። በሠርጓ ሰሞን ከምንጩ አንዲት እንቁራሪት ጮኸች፤ ሙሽራዋን ትተው እሷን ሊሰሙ ወጡ ይባላል። የአባቷ እጅ ግን እንደ ለፋ ቀረ። ሲመርቃት እጁ ራሷ ላይ ማረፉን የሚያውቀው በዓይኑ እያየ ነበር።

እንግዲህ እትዬ የሻረግ፣ ሀብታሙ ያ ፋብሪካ ነው፤ ሰንጋው የሚተክሉልን ሣር፤ አልቃሾቹ እኛ። አፈር የሙት ልብስ ነው፤ መርዝ ስላለበሱት አይሞትም። እኛ አካፋ ካነሣንማ ቀባሪው እድሩ ሊሆን ነው፤ ኋላ ማን ደፍሮ ይከፍተዋል? ሲመጡ «እድራችን የሚቀብር የሞተ ነው፤ ይኼ ገና አልሞተም፤ መጀመሪያ አውጡልን፣ የነካውንም አፈር ጥረጉ» ይበሏቸው።

«እምቢ ቢሉኝስ?»

ጥሩምባው እርስዎ ቤት አይደል ያለው?

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእኛን ምንጭ እንቁራሪቶች ሲጮሁ መጨረሻ የሰሙት መቼ ነው?