ሰው ሳይሞት የተነፋው ጥሩምባ

በአንድ ወቅት ሸክላ ሰፈር በምትባል ጠባብ ሰፈር ለቀበሌው ምክር ቤት አንድ ወንበር ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። ምክር ቤቱ ለሰፈሯ በዓመት የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ተመራጩ «መጀመሪያ» ያለው ይሠራል፣ የሌሎቹ ይቀራል።

ጡረታ የወጡት የቧንቧ ሠራተኛ አቶ ደምስ «መጀመሪያ ውሃ!» አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ነበራቸው።

መምህርት ሐረገወይን «መጀመሪያ መንገድ!» አለች። ለሌላው አርአያ እንድትሆን የራሷን አጥር አፍርሳ መተላለፊያ አወጣች።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሙሄ ደግሞ «መጀመሪያ አዳራሽ! የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ እኮ!» አለ።

ሦስቱም ለሁለት ሳምንት በድምፅ ማጉያ ሲጮሁብን ጆሯችን ሊደነቁር ምንም አልቀረው።

በምርጫው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከሐረገወይን ግቢ ጀርባ ያለው የጎረቤታችን የየሻረግ ቤት በእሳት ተያያዘ። የሻረግ በርበሬ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ውስጥ አልጋ የያዙት እናቷ እማማ ደብሪቱ ብቻቸውን ተኝተዋል።

ጭሱን መጀመሪያ ያየው ሙሄ ነው። «እሳት! ኧረ እሳት!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልወጣም። «ደግሞ ጀመሩን» ብሎ መስኮቱን የዘጋም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያ ሰው እኔ ነኝ። ሙሄ ቢጨንቀው ጥሩምባውን አውጥቶ ነፋው። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ለሞት ካልሆነ አይነፋም፤ ያለዚያ መንፋት በእድሩ ሕግም ነውር ነው። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም! እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ!»

ግራ ገባን። ግማሻችን ለቅሶውን ሳናቆም ወደ እሳቱ ሮጥን።

በሩ ይነድዳል። ሐረገወይን ባፈረሰችው አጥር በኩል ሕዝቡን ወደ የሻረግ ጓሮ አስገባች፤ መጥረቢያ አንስታም የጭቃውን ግድግዳ ነደለችው። ያ መተላለፊያ ባይኖር በየት እንገባ እንደነበር አላውቅም።

ወላፈኑ ግን ወደ ቀዳዳው አላስጠጋ አለ። አቶ ደምስ ጉድጓዳቸውን ውሃው እንዳይበከል በጓጉንቸር ይቆልፉት ነበር፤ ቁልፉን ለመፈለግ እንኳ ሳይታገሱ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበሩት። ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ወላፈኑ በረደ፣ አሮጊቷንም በተነደለው ግድግዳ በኩል ተሸክመን አወጣናቸው።

እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን ገልጠው አዩን። «ጥሩምባውን ስሰማ ለካ ሞቻለሁ ብዬ ጸሎቴን ጨርሼ ነበር። ታዲያ ምን አድርጌ ነው በውሃ የምትቀብሩኝ?» አሉ። ሳቅንም፣ አለቀስንም።

በማግስቱ ምርጫው በሰልፍ ሆነ፤ መራጭ ከመረጠው ሰው ኋላ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ ሦስቱም ሰልፍ እኩል። እኔ ራሴ አንዱ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ዓይኔ ሌላው ላይ ነበር። እናቷን ጎረቤት ቤት አስተኝታ ዘግይታ የመጣችው የሻረግ ብቻ ቀረች።

«ውሃው ባይኖር ማን ይጠጋ ነበር፣ ልጄ?» አሉ አቶ ደምስ።

«መንገዱ ባይኖር ውሃው በየት ይገባ ነበር?» አለች ሐረገወይን።

«ሰው ባይመጣስ?» አለ ሙሄ።

የሻረግ ወደ አቶ ደምስ አንድ እርምጃ ሄደች። ግን ጉድጓዱ ዛሬ ጠዋት በአዲስ ጓጉንቸር ተቆልፎ አይታዋለች። ወደ ሐረገወይን ዞረች። ግን መንገዱ ቢወጣ የሚያልፈው ቤቷ በተቃጠለበት ቦታ ላይ ነው፤ ጎጆዋን የት መልሳ ልትሠራ ነው? ወደ ሙሄ አየች። እድርተኛው ከትናንት ጀምሮ «ከእንግዲህ ያንተን ጥሩምባ ማን ያምናል?» እያለ ያጉረመርማል። እናቷ በእውነት ያረፉ ቀንስ ማን ሊወጣላት ነው?

«እናቴን ምን ይላሉ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር» አለች። «‹ሦስቱም አወጡኝ፣ እኔንጃ ልጄ› አሉኝ።»

ሰዉ ሁሉ «ወስኚ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። እሷ በሦስቱ ሰልፎች መካከል ቆማ ታለቅሳለች።

እኔ እስካሁን መልሱ ጠፍቶኛል። እናንተ በየሻረግ ቦታ ብትሆኑ፣ እናቴን ያተረፈልኝ እሱ ነው ብላችሁ ከማን ኋላ ትቆሙ ነበር?