የታመመው ፋብሪካ አስታማሚ

አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከሰረ። ፍርድ ቤቱ ግን «ሥራውን ሳያቋርጥ እንደገና ይደራጅ፤ ዕዳውንም ቀስ እያለ ይክፈል» ብሎ ተቆጣጣሪ ሾመለት። ሠራተኞቹም ለፋብሪካው ሲሉ የፋሲካ ቦነሳቸውን ተዉ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥላዬ አዲስ መኪና ይዘው ከች አሉ።

ብዙም ሳይቆዩ ሠራተኛውን ሰበሰቡና፣ ተቆጣጣሪውን ከጎናቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

«ፋብሪካችን ታመመ እንጂ አልሞተም። እስኪያገግም ድረስ ግማሽ ደመወዝ ይበቃችኋል። ሞቱን የሚመኝ ካለ ብቻ እጁን ያውጣ!»

ከሽመና ክፍል አንዲት ሴት እጇን አወጣች።

«አንቺ! ሞቱን ትመኛለሽ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ክፉ አይንካው! ብቻ በእኛ ሰፈር ለበሽተኛ አጥሚት የወሰደ ሰው፣ በሽተኛው ፉት ሲል ሳያይ አይነሳም። እኛም ቦነሳችንን አጥሚት ይሁነው ብለን ሰጠን። በሽተኛው ይኸው እንደከሳ ነው፤ አስታማሚው ግን ወፍሮ ወፍሮ የድሮ መኪናው አልበቃው አለ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተቆጣጣሪው እንኳ አፉን በመሐረብ ይዞ ሲንፈቀፈቅ ቆየና፣ ደመወዙ እንዳይነካ፣ መኪናው ግን እንዲሸጥ አዘዘ።

መኪናው በተሸጠ ማግስት፣ አቶ ጥላዬ ከሥራ መውጫ ላይ ከሠራተኛው ጋር እየተጋፉ በእግራቸው ሲወጡ ሴትየዋ ከኋላ ደረሰችባቸው።

«እሰይ ጌታዬ! አስታማሚው እንዲህ በእግሩ መሄድ ከጀመረ፣ በሽተኛውማ ድኗል ማለት ነው።»